አዲሱ ለቀድሞው ሲካፈል

ሥራ የጀመርኩበት ቀን ዝናብ ነበር። መስከረም ቢጠባም ክረምቱ አልወጣ ብሎ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ ጭቃ ብቻ ነው። ቦቲ ተጫምቼ፣ ጥቁሩን የክፍል ጫማዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ የሚወስደውን መንገድ ተያያዝኩት። ዘበኛው በሩ ላይ አስቆመኝ።

"የማን እህት ነሽ?"

"መምህር ነኝ።"

ቦቲዬን አየ፤ ፊቴን አየ፤ ከዚያ እየሳቀ ከፈተልኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር። ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና ሦስት ወር አልሞላኝም። ዘመኑ የንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ነው፤ እኛ ግን የመጨረሻዎቹ መሆናቸውን አናውቅም ነበር።

ዲሬክተሩ አቶ ተካልኝ ይባላሉ። ባርኔጣቸውን ቢሮ ውስጥ እንኳ አያወልቁም። የምደባ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ጽጌ የሚለውን ስም ሳይ ወንድ መስለሽኝ ነበር" አሉኝ። "እኔ የጠየቅሁት የሂሳብ መምህር ነው።"

"የሂሳብ መምህር ነኝ።"

"እስከ ዛሬ የላኩልኝ ሴቶች በሙሉ ባልትና ነው የሚያስተምሩት።"

"እኔ ባልትና አልችልም።"

ሳቃቸው መጣ። "እንግዲያውስ ሰባተኛን ያዢ። ሴት መሆንሽ እኔን አይከብደኝም። ሰባተኛ ለን ግን አላውቅም።" ከዚያ ዕቃዬን በፊርማ አስረከቡኝ፦ አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ አንድ ዳስተር፣ ባለ አንድ ሜትር የእንጨት ማስመሪያ፣ እና አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ ትልቅ የሰሌዳ ኮምፓስ።

ሰባተኛ ለ ስገባ ሃምሳ አራት ተማሪ ተቀምጧል። ከነዚያ ውስጥ ሴቶቹ አምስት ናቸው። የክፍሉ አለቃ ግርማ የሚባል፣ ጢሙን ጠዋት ጠዋት ተላጭቶ የሚመጣ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ነበር። ያን ጊዜ ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ ብዙ ነው። በትህትና ብድግ አለና የሴቶቹን ወንበር አሳየኝ።

"እዚያ ጋ ቦታ አለ እህት። ቲቸር ገና አልመጣም።"

"ቲቸሯ እኔ ነኝ" አልኩት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግርማ እስከ ጆሮው ቀላ። በዚያች ደቂቃ ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ፦ እዚህ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን አልሳሳትም። አሁን ሳስበው እንዲህ ያለ የሞኝ መሐላ ምሎ ሥራ የጀመረ ሰው አላውቅም።

እስከ ኅዳር ድረስ መሐላዬን ጠበቅሁ። ማታ ማታ የነገውን ትምህርት ሦስት ጊዜ እሠራዋለሁ። የሰሌዳ ጽሑፌን ቀድሜ በወረቀት እጽፈዋለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ አነብና በአማርኛ አስረዳለሁ። ልጆቹም ለመዱኝ። ግርማ ሰሌዳ ማጥፋቱን የግል ሥራው አደረገው።

ኅዳር ላይ ቅርጽን ማሳደግና ማሳነስ የሚለው ትምህርት ላይ ደረስን። ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ሦስት ማዕዘን አለ። መልኩን ሳይለቅ፣ ማዕዘኖቹም ሳይለወጡ፣ ትልቅ ወይም ትንሽ ታደርገዋለህ። ስንት ጊዜ እንዳደገ ወይም እንዳነሰ የሚነግርህ ቁጥር አለ። እንግሊዝኛው ስኬል ፋክተር ይለዋል፤ እኔ "የማባዣ ቁጥር" አልኩት። የመጀመሪያውን ቅርጽ ጎኖች በዚያ ቁጥር ስታባዛ የአዲሱን ቅርጽ ጎኖች ታገኛለህ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሰሌዳው ላይ ጎኖቹ ሠላሳ፣ አርባና ሃምሳ ሳንቲሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ሠራሁ። አጠገቡ ያደገውን ሠራሁ፦ ስድሳ፣ ሰማንያ፣ መቶ። ከዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ "ሠላሳ ሲካፈል ለስድሳ፣ የማባዣ ቁጥሩ ግማሽ" ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ መገልበጥ ጀመረ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት እጅ ወጣች። ሙሉነሽ ወልዴ ናት። አባቷ አናጢ ናቸው፤ እሷም የምትጽፈው በአባቷ ጠፍጣፋ ቀይ የአናጢ እርሳስ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም።

"ቲቸር፣ ግማሽ ከሆነማ ማነስ ነበረበት" አለች። "ሁለተኛው ግን ተልቋል።"

ከኋላ አንዱ "ሴት ለሴት ተያያዙ!" አለ። ሳቁ ተነሣ። እኔ ሰሌዳውን ዞሬ አላየሁትም። ያየሁት የሚስቁትን ነው።

"አንቺ ነሽ ወይስ እኔ ነኝ የማስተምረው?"

"እርስዎ ነዎት ቲቸር። ግን ሠላሳን በግማሽ ብናባዛው..."

"ውጪ!"

ደብተሯን ዘጋች። እርሳሷን ደብተሯ ውስጥ አስገባች። ሳትቸኩል ወጣች። እኔም ሃያ ጥያቄ የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ ሃያውም በተገለበጠው መንገድ የሚሠሩ ናቸው።

በምሳ ሰዓት መምህራን ክፍል ገብቼ መጽሐፉን ከፈትኩ። ማሠልጠኛ ሳለን የሠራነው ምሳሌ ስለ ማሳነስ ነበር፤ ትልቁ መጀመሪያ፣ ትንሹ በኋላ። ስለዚህ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው "ትንሹ ለትልቁ" የሚል ነገር ነው። መጽሐፉ ግን የሚለው "አዲሱ ለቀድሞው" ነው። ቅርጹ ሲያንስ ሁለቱ አነጋገሮች አንድ መልስ ይሰጣሉ። ሲያድግ ይገለባበጣሉ። ስድሳ ለሠላሳ፣ ሁለት። ልጅቱ ትክክል ናት።

እዚህ ላይ ወዲያው ሄጄ አረምኩት ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አላረምኩም። "ነገ" አልኩ። በማግስቱ ሙሉነሽ አልመጣችም። እኔም ስለ ማዕዘን አስተማርኩና ወጣሁ። በሦስተኛውም ቀን ወንበሯ ባዶ ነው። የቤት ሥራውን ሰብስቤ ሳላርም መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

በአራተኛው ቀን በረፍት ሰዓት ዘበኛው እየሮጠ መጣ። "መምህርት፣ አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጥቶ ጽጌ የምትባለዋን አምጡ እያለ ነው።"

አቶ ወልዴ ነበሩ። ጺማቸው ላይ ሰጋቱራ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ አለ። ከትከሻቸው ያወረዱት አዲስ፣ ጠበብ ያለ፣ አጭር አግዳሚ ነው። ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ፤ እኔ በዕድሜ ልጃቸው እሆናለሁ።

"መምህርት፣ ይቺን ያውቋታል?"

"አላውቃትም።"

"ጠረጴዛ ነበረች።"

አስቀምጠውኝ ነገሩኝ። አንድ ደንበኛ ትንሽ ጠረጴዛ አምጥቶ "መልኳን ሳትለቅ አሳድጉልኝ" ብሏቸዋል። የትንሿ ርዝመት ስድሳ ሳንቲሜትር፣ ወርዷ አርባ፣ ቁመቷ አርባ አምስት። ደንበኛው የፈለገው ርዝመቷ ዘጠና እንዲሆን ነው። ወርድና ቁመቱን አስልታ እንድታመጣ ለሙሉነሽ ሰጧት፤ ከትምህርት ቤት ቀርታ እሳቸው ዘንድ መጋዝ ስታቀብል ነበር የሰነበተችው።

"'ቲቸር ባሳየችን መንገድ ልሥራው ወይስ እኔ በሚመስለኝ?' አለችኝ። መቼም መምህር አይሳሳትም፣ 'መምህርሽ ባለችው መንገድ ሥሪ' አልኳት። 'እሺ አባዬ' አለች። ይኸውልዎ። ቁመቱን ሠላሳ ብላ ጻፈችልኝ። እኔ ከደንበኛ ጋር እያወራሁ አራቱንም እግር ቆረጥኩ። ወርዱን ሳየው ሃያ ሰባት እንኳ አይሞላም። 'አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጠረጴዛ ነው አግዳሚ?' ብላት 'አላውቅም አባዬ፣ መንገዱ ያለው እንደሱ ነው' አትለኝም!"

ስድሳ ለዘጠና፣ ሁለት ሦስተኛ። አርባ አምስት በሁለት ሦስተኛ ሲባዛ ሠላሳ። ልጅቱ ስሌቱን አንድም ቦታ አልሳተችም። የሳተው የእኔ መንገድ ነው። ዘጠና ለስድሳ ብላ አንድ ተኩል ብታወጣ ኖሮ ወርዱ ስድሳ፣ ቁመቱ ስድሳ ሰባት ተኩል ይሆን ነበር።

"አውቃ ነው የሠራችው?" አልኳቸው።

"እኔም እሱን ነው የምጠይቅዎ" አሉኝ። ፈገግታቸውን ያዝ አደረጉት። "እንጨቱ ለእኔ ምንም አይደለም፣ አግዳሚም ይፈለጋል። የመጣሁት ለሌላ ነው። ልጄ 'ትክክል ከሆንኩ ለምን ተባረርኩ? ከተሳሳትኩም ሂሳብ አይገባኝም ማለት ነው፤ በየትኛውም ቢሆን አልመለስም' ትላለች። እኔ መልሱን አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩ ሰው አይደለሁም። እርስዎ ይንገሩኝና ልንገራት።"

የፈራሁት ዲሬክተሩን ነበር፤ ግርማን ነበር፤ ከኋላ የሚስቁትን ነበር። እኚህን ሰው መፍራት እንዳለብኝ አላሰብኩም።

"ትክክል ናት" አልኩ። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ነገ ትምጣ፤ በክፍሉ ፊት እናገራለሁ።"

አቶ ወልዴ "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው አግዳሚውን ተሸክመው ሄዱ።

በማግስቱ ሙሉነሽ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀና ብላ አታይም። እነዚያኑ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ያንኑ ቦታ ላይ ሠራሁ። "ባለፈው እዚህ ላይ የተገለበጠ ነገር ጻፍኩ" አልኩ። "ሙሉነሽ ነገረችኝ። ትክክል እሷ ነበረች፤ ማስወጣትም አልነበረብኝም። ይቅርታ ሙሉነሽ።" እየጠበቅሁ የነበረው ሳቅ አልመጣም። ግርማ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ እንግዲያው ሃያዎቹ ጥያቄዎችስ?"

"ሃያዎቹንም እንደገና ትሠራላችሁ።"

ያኔ ነው ክፍሉ የጮኸው።

የቃል ትምህርት እንደማይበቃ ስለገባኝ በዚያው ሳምንት ወደ ሜዳ አወጣኋቸው። መሀል ላይ ችካል ተከልን። ሦስት ተማሪዎች፣ አንዱ ግርማ፣ የሦስት ማዕዘኑ ጫፎች ሆነው ቆሙ፤ በመካከላቸው ሲባጎ ዘረጋን። ከዚያ እያንዳንዳቸው ከችካሉ ምን ያህል እንደሚርቁ በእርምጃ ቆጥረው፣ በዚያው አቅጣጫ ያንኑ ያህል እንዲጨምሩ አደረግሁ። አዲስ ሲባጎ ዘረጋን። ሙሉነሽ የቀድሞውን ሲባጎ ይዛ በአዲሱ ጎን ላይ አስተኛችው። ሁለት ጊዜ ገባ። በሁለተኛውም ጎን ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛውም ሁለት ጊዜ። አዲሱን ለቀድሞው ማካፈል ማለት የቀድሞው በአዲሱ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል ማለት ነው። ይህን የተረዳሁት እኔም ያን ቀን ነው ብል አላፍርም።

ችካልና ሲባጎ ያየ የሰፈር ሰው ግን ሌላ ነገር ተረድቷል። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ዱላቸውን እያወዛወዙ በአጥሩ ክፍተት ገቡ።

"ማን ልኮሽ ነው መሬት የምትለኪው?"

"አባቴ፣ ትምህርት ነው። ሦስት ማዕዘን እያሳደግን ነው።"

"መሬቱ ያድጋል?"

"አዎ፣ በሁለት እጥፍ።"

ትንሽ አሰቡ። "እንግዲያውስ ገመዱን በእኔም ጓሮ በኩል አሳልፊው" ብለው ሄዱ። ሃምሳ አራቱም ተማሪ መሬት ላይ ተንከባለለ። ከዚያ በኋላ ለሰባተኛ ለ ማሳደግ የሚባለውን ነገር ማስረዳት አስፈልጎኝ አያውቅም።

ወሬው ግን አቶ ተካልኝ ጆሮ ገባ። አስጠሩኝ። "ክፍል ውስጥ ተሳሳትኩ ብለሻል አሉ።"

"ብያለሁ።"

"ይቅርታም ጠይቀሻል።"

"አዎ።"

"ልጄ፣ መምህር ተሳሳትኩ ካለ ነገ ክፍሉን ማን ይይዘዋል? ደግሞ አንቺ የሙከራ ዓመት ላይ ነሽ። ኢንስፔክተር ታኅሣሥ ላይ ይመጣል። ቋሚ ሆነሽ መቅረትሽን የሚወስነው የእሱ ሪፖርት ነው። እሱ ሲመጣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳትደግሚ።"

"እሞክራለሁ" አልኩ።

ኢንስፔክተሩ ከረባት ያሰሩ፣ ፊታቸው የማይነበብ ሰው ነበሩ። የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው ማስታወሻቸውን ከፈቱ። አቶ ተካልኝ በር ላይ ቆሙ። ክፍሉ ከጠበቅሁት በላይ ሆነ። አዲሱን ለቀድሞው፣ አዲሱን ለቀድሞው፣ እየተቀባበሉ መለሱ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኢንስፔክተሩ እጃቸውን እንደ ተማሪ አነሡ።

"ወርዱ ሁለት ርዝመቱ ሦስት የሆነ አራት ማዕዘን፣ በሦስት ብናሳድገው፣ ስፋቱስ በስንት ያድጋል?"

ግርማ ብድግ ብሎ "በሦስት!" አለ። እኔም የደወሉ ሰዓት ደርሶብኝ፣ በችኮላ፣ ሰሌዳው ላይ "3" ጻፍኩ።

ጠመኔው ገና ከእጄ ሳይወርድ ሙሉነሽን አየኋት። እጇን አላነሣችም፤ ግንባሯ ግን ተቋጥሯል። ዞሬ ሰሌዳውን አየሁ። በሩ ላይ አቶ ተካልኝ ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ አየሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ራሳቸውን ያየሁት።

"አይደለም" አልኩ። "ቸኩዬ ተሳሳትኩ። እንሥራው።" የቀድሞው ስፋት ሁለት በሦስት፣ ስድስት። የአዲሱ ወርድ ስድስት፣ ርዝመት ዘጠኝ፣ ስፋት ሃምሳ አራት። ሙሉነሽን ወደ ሰሌዳ ጠራኋት፤ ሃምሳ አራትን ለስድስት አካፍላ ዘጠኝ ጻፈች። ጎኑ በሦስት ሲያድግ ስፋቱ በሦስት ጊዜ ሦስት ያድጋል። ዘበኛው ደወል ሆኖ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ ደበደበ። ኢንስፔክተሩ አንድ ነገር ጽፈው ወጡ።

ሪፖርቱ ከወር በኋላ መጣ። አቶ ተካልኝ ጮክ ብለው አነበቡልኝ። የሰሌዳ አጠቃቀም ጥሩ፣ የክፍል አያያዝ ጥሩ። ከታች አንድ መስመር አለ፦ "መምህርቷ ሰሌዳ ላይ ተሳስታ በተማሪዎች ፊት አርማለች።"

"ይሄ ሙገሳ ነው ወይስ ወቀሳ?" አልኳቸው።

አቶ ተካልኝ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ መልሰው አዩት። "እኔ እንጃ" አሉ። "ግን ቋሚ ሆነሻል።"

በዚያ ትምህርት ቤትና በሌሎች ሁለት ትምህርት ቤቶች ጡረታ እስክወጣ አስተማርኩ። ዲሬክተሮች ተቀያየሩ፣ መንግሥትም ተቀየረ፣ መጽሐፉም ብዙ ጊዜ ተቀየረ። ግርማ የስምንተኛ ክፍል ፈተና በሁለተኛው ሙከራ አለፈና የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ቆሜ ተሳፍሬ አላውቅም፣ ሁልጊዜ ወንበር ይፈልግልኝ ነበር።

ሙሉነሽ ነርስ ሆነች። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሁለታችንም ሸብተን፣ ቤቴል አካባቢ ክሊኒክ ውስጥ አገኘኋት። የደም ግፊቴን እየለካች ነበር። ሦስት ማዕዘኖቹን ታስታውሺያለሽ ወይ አልኳት።

"እሱን ረስቼዋለሁ ቲቸር" አለችኝ። "ውጪ ያሉኝን ግን አልረሳሁም።"

"ይቅርታ የጠየቅሁሽንስ?"

የእጄን መጠቅለያ ፈታችና ቁጥሩን ካርዴ ላይ ጻፈች። "እሱማ ባይኖር" አለች "ነርስ አልሆንም ነበር። ክፍል አልመለስም ነበራ።"

ለእናንተ ዛሬ ክፍል ለምትገቡት የምለው ይህን ያህል ነው። የማባዣ ቁጥር ስትፈልጉ አዲሱን ለቀድሞው አካፍሉ። ከማካፈላችሁ በፊት ቅርጹ አድጓል ወይስ አንሷል ብላችሁ እዩ፤ ካደገ መልሱ ከአንድ ይበልጣል፣ ካነሰ ከአንድ ያንሳል። ስትሳሳቱ በዚያው ሰዓት አርሙ። እኔ አራት ቀን ፈጀብኝ፤ አራት ቀን ብዙ ነው።